ስድስት መቶ፦ ግጥም የሰውን መሥዋዕትነት የሚቈጥርበት መንገድ

በ1854 ዲሴምበር ወር መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ባለቅኔ አልፍሬድ ቴኒሰን ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ፎርስተር ኤግዛሚነር የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ጉዳዩ የቁጥር ጉዳይ ነው። ቴኒሰን ለጋዜጣው በላከው አዲስ ግጥም፣ በክራይሚያ ጦርነት ወደ ሩስያ መድፎች አፍ የጋለቡት ፈረሰኞች ስድስት መቶ ናቸው። ከግንባር የሚመጣው ወሬ ግን ቁጥሩ ወደ ሰባት መቶ ሊጠጋ እንደሚችል ያመለክት ነበር። ባለቅኔው እርማት አልፈለገም፤ ለግጥሙ ምጣኔ ከሰባት ይልቅ ስድስት ይስማማልና እንዳለ ይቀመጥ ሲል መለሰ። በእንግሊዝኛ “ስክስ” አንድ ቀለም ነው፣ “ሴቨን” ግን ሁለት። በአንድ ትርፍ ቀለም ምክንያት ወደ ሰባ የሚጠጉ ሰዎች ከመዝገብ ቀሩ።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቁጥር የሚተዳደር ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሆኖም ነገሩ የባለቅኔ ግድየለሽነት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ስለ መሥዋዕትነት የሚጻፍ ግጥም ሁሉ በባሕርዩ መዝገብ ነው፤ ማን እንደከፈለ፣ ምን ያህል እንደከፈለ፣ ለማን እንደከፈለ ይመዘግባል። የመዝገቡን ዐምዶች የሚያሰምሩት ደግሞ ምጣኔ፣ ቤት እና ድግግሞሽ ናቸው። ከዐምዶቹ ጋር የሚስማማው ይገባል፣ የማይስማማው ይቀራል። “የቀላሉ ብርጌድ ግስጋሴ” በመባል የሚታወቀው ይህ የቴኒሰን ግጥም አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። ግጥሙ ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመታት በላይ በትምህርት ቤቶች በቃል ሲጠና ኖሯል፤ ከጀርባው ያለው የመንግሥት ሥራ ታሪክም በሰነድ የተደገፈ ስለሆነ ግጥሙን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በሸለቆው የሆነው

ኦክቶበር 25 ቀን 1854 በባላክላቫ የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ሆኖ ሴቫስቶፖልን የከበበው ኃይል ክፍል ነበር። ጠቅላይ አዛዡ ሎርድ ራግላን ከከፍታ ላይ ሆኖ ሲመለከት፣ ሩስያውያን በጠዋቱ ከማረኳቸው ምሽጎች መድፎችን ሊወስዱ ሲዘጋጁ አየ። ፈረሰኛው ጦር ፈጥኖ ወደ ፊት እንዲገሰግስና ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ እንዲከለክል ትእዛዝ አስጻፈ። ትእዛዙን ይዞ ቍልቍለቱን የወረደው ሻምበል ሉዊስ ኖላን ነበር።

ትእዛዙ የትኞቹን መድፎች እንደሚል አይገልጽም። ከከፍታው ላይ ላለው አዛዥ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከታች በሸለቆው ለቆመው ለፈረሰኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ለሎርድ ሉካን ግን የተማረኩት መድፎች አይታዩም። ለእርሱ የሚታዩት በሸለቆው መጨረሻ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የተደረደሩት የሩስያ መድፎች ናቸው። ሉካን የትኞቹ እንደሆኑ ቢጠይቅ ኖላን በእጁ ወደ ሸለቆው ጠቆመ ይባላል። ሉካን ትእዛዙን ቀላሉን ብርጌድ ለሚመራው ለሎርድ ካርዲገን አስተላለፈ። ካርዲገን የሉካን ሚስት ወንድም ይሆናል፤ ሉካን እኅቱን ያገባ ነውና። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት የተጣሉ፣ ከአስፈላጊ ቃል በላይ የማይነጋገሩ ነበሩ። ነገሩ እንዲጣራ ለማድረግ የሚያስችል መተማመን በመካከላቸው አልነበረም።

ወደ 670 የሚጠጉ ፈረሰኞች ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ በሚተኰስ መድፍ መካከል ገሰገሱ። ኖላን ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ሆነ። የተረፉት መድፎቹ ዘንድ ደርሰው ተኳሾቹን በጎራዴ መቱ፤ ከኋላ የሚደግፋቸው ባለመኖሩ ግን በዚያው እሳት መካከል ተመለሱ። ወደ 110 ያህሉ ሞቱ፣ ወደ 160 ያህሉ ቈሰሉ፤ በርካቶች ተማረኩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፈረሶችም አለቁ።

የአስተዳደር ሥርዓትን ለሚያጠና ሰው ይህ የታወቀ ችግር ነው። መረጃ ያለው ሰው ከላይ ነው፣ ፈጻሚው ከታች፤ በመካከል ያለው መልእክተኛ ትእዛዙን ያደርሳል እንጂ ማብራሪያውን አያደርስም። በዚያ ላይ በዘመኑ የእንግሊዝ ሠራዊት በፈረሰኛና በእግረኛ ክፍሎች የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። ካርዲገንም ወደ ላይ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። የማዕረግ ግዢው የቀረው በ1871 ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን የሆነው የአንድ ሰው የቃል መሳት ብቻ ሳይሆን የአንድ ተቋም ውድቀት ጭምር ነበር። ጥያቄው ይህ ሁሉ በግጥሙ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ አገኘ የሚለው ነው።

ምጣኔው

የጦርነቱ ዜና ለንደን ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ታይምስ ጋዜጣ በኖቬምበር 13 ርእሰ አንቀጹ አንድ አስከፊ ስሕተት መፈጸሙን ገለጸ፤ በማግሥቱም የዘጋቢውን የዊልያም ሃዋርድ ራስልን ሰፊ ዘገባ አወጣ። ቴኒሰን የሚኖረው በዋይት ደሴት ነበር። ግጥሙን በዲሴምበር 2 ቀን፣ ከውጊያው 38 ቀን በኋላ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደጻፈው ቤተሰቡ መዝግቧል። ልጁ ባሳተመው የሕይወት ታሪክ እንደሚነገረው የግጥሙ ምጣኔ የተወለደው ከጋዜጣው ስለ ስሕተቱ በአእምሮው ከቀረው ሐረግ ነው። ይህን ነጥብ መያዝ ይገባል፤ ኋላ ይጠቅማልና።

የእንግሊዝኛ ምጣኔ ከአማርኛው ይለያል። አማርኛ ቀለም ይቈጥራል፤ የወል ቤት ስድስትና ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስትና አምስት እያለ ስንኙን በሁለት እኩል ሐረግ ይከፍላል። እንግሊዝኛ ግን ከቀለሙ ብዛት ይልቅ የድምፁን መጕላትና መለስለስ ይመለከታል። የተለመደው የእንግሊዝኛ ስንኝ ከለስላሳ ቀለም ተነሥቶ ወደ ጐላው ይወጣል፤ ከንግግርም ጋር ይቀራረባል። ቴኒሰን እዚህ የመረጠው ተቃራኒውን ነው። አንድ ጐላ ያለ ቀለም ይቀድማል፣ ሁለት ለስላሳዎች ይከተሉታል፤ ይህ ዳክቲል የሚባለው እግር ነው። በእያንዳንዱ ስንኝ የሚገኙት እንዲህ ያሉ እግሮች ሁለት ብቻ ናቸው።

ሰሚው ወዲያው የሚያስበው የፈረስ ኮቴ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ምጣኔው የድምፅ ሥዕል ከመሆን የበለጠ ሥራ ይሠራል። ስንኙ ከጕልበቱ ጫፍ ጀምሮ እየወረደ ስለሚሄድ አንባቢው መሀል ላይ ቆሞ የሚተነፍስበት ስፍራ አያገኝም፤ አንዱን ስንኝ ሲጨርስ ሌላው ይገፋዋል። ስንኙም አጭር ነው። “ለምን?” ብሎ ለመጠየቅ፣ “ነገር ግን” ብሎ ለማመዛዘን፣ “የትኞቹ መድፎች?” ብሎ ለማጣራት ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ያስፈልጋል፤ ባለ ሁለት እግር ስንኝ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ቦታ የለውም። ሉካንና ኖላን በተነጋገሩባት አፍታ የጠፋው የማጣሪያ ጊዜ በግጥሙም ውስጥ ጠፍቷል። ምጣኔው ወታደሩ ያለፈበትን ሁኔታ በአንባቢው ላይ ይደግማል፤ ሁለቱም ለማሰብ ፋታ ሳያገኙ ወደ ፊት ይነዳሉ።

ቤቱ

ግጥሙ ስድስት አንጓዎች አሉት፤ እያንዳንዱም አንጓ የሚያበቃው በ“ስድስት መቶ” ነው። የእንግሊዝኛው ቃል “ሃንድረድ” ስለሆነ በየአንጓው ከእርሱ ጋር ቤት የሚመታ ቃል ያስፈልጋል። ቴኒሰን ያገኛቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ “ብላንደርድ” ማለትም ተሳሳተ፣ “ተንደርድ” ማለትም ነጐደ፣ “ሰንደርድ” ማለትም ተበጣጠሰ፣ “ወንደርድ” ማለትም ተደነቀ። ከ“ሃንድረድ” ጋር ያላቸው ስምምነት ለጥብቅ ጆሮ ጥቂት ይጐድለዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን ልክ ናቸው።

እነዚህ ቃላት የሚገቡበት ቅደም ተከተል የግጥሙ እውነተኛ ታሪክ ነው። በሁለተኛው አንጓ ከቁጥሩ ጋር የተጣመረው ስሕተቱ ነው። ከዚያ ነጐድጓዱ ይመጣል፣ ከዚያ የዓለም መደነቅና የሰልፉ መበጣጠስ፣ ከዚያ እንደገና ነጐድጓዱ። በመጨረሻው አንጓ፣ ግጥሙ ወደ አንባቢው ዞሮ “አክብሩ” ብሎ በሚያዝበት ቦታ፣ ከቁጥሩ ጋር የቀረው መደነቅ ብቻ ነው። በአንድ ቤት ላይ ሳይወርድ ግጥሙ ከ“ተሳሳተ” ተነሥቶ “ተደነቀ” ላይ ደረሰ። ክርክር አላቀረበም፣ ማስረጃም አላመጣም፤ ድምፁ ተመሳሳይ በመሆኑ ጆሮ ሁለቱን እንደ አንድ ቤተሰብ ተቀበላቸው። በሂሳብ ቋንቋ ቢነገር፣ ከወጪ ዐምድ የነበረው ወደ ሀብት ዐምድ ተዛወረ፤ ማዛወሪያውም የቤቱ ስምምነት ነው።

የዚህን ቃል ክብደት የሚያሳየው በቀጣዩ ዓመት የሆነው ነው። በኤግዛሚነር በዲሴምበር 9 ቀን 1854 የታተመው ግጥም ስሕተቱን ይጠቅሳል፤ የኖላንንም ስም ያነሣል። ቴኒሰን በ1855 “ሞድ እና ሌሎች ግጥሞች” የተባለውን መድበሉን ሲያሳትም ግን ግጥሙን አሻሻለው፤ ስሕተት መፈጸሙን የሚናገረው ስንኝ ወጣ፣ የኖላንም ስም አብሮ ወጣ። የቀረው ጀግንነት ብቻ ሆነ። የኪነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ራስኪን ይህን ሲያይ የግጥሙ እጅግ አሳዛኝ ስንኝ ያ ነበርና መውጣቱ እንዳሳዘነው ለባለቅኔው ጻፈለት።

ከራስኪን ደብዳቤ በፊት ሌላ መልእክት ደርሶ ነበር። በክራይሚያ ያሉ ወታደሮች ግጥሙን እንደሚያዜሙትና በወረቀት ታትሞ እንዲሰጣቸው እንደሚፈልጉ ተነገረው። ቴኒሰን በ1855 ኦገስት አንድ ሺህ ቅጂ አሳትሞ ላከላቸው። ለወታደሮቹ የመረጠው መድበሉ ውስጥ ያለውን የተስተካከለ ቅጂ አልነበረም፤ ስሕተቱን የሚናገረውን ስንኝ መለሰላቸው። ያ ቃል ከዚያ በኋላ ከግጥሙ አልወጣም። የኖላን ስም ግን አልተመለሰም። የተሳሳተው ሰው “አንድ ሰው” ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸው። ቤቱ ስሕተቱን ወደ አድናቆት ለውጦታል፤ ግን ደግሞ ቤቱ ራሱ ስሕተቱን ጠብቆታል። ምጣኔው ከዚያ ቃል የተወለደ፣ ቃሉም ከቁጥሩ ጋር በድምፅ የታሰረ ስለነበር፣ ባለቅኔው ሊያወጣው ሲሞክር የግጥሙ ማገር አብሮ ተነቀለ። በስድ ንባብ ቢጻፍ ኖሮ የማይመቸውን ዐረፍተ ነገር መሰረዝ ቀላል በሆነ ነበር።

ድግግሞሹ

ግጥሙ የሚከፈተው አንድን የርቀት መለኪያ ሦስት ጊዜ በመደጋገም ነው። አንባቢው ገና ማን እንደሚጋልብ፣ ለምን እንደሚጋልብ ሳይነገረው ርቀቱ ይለካለታል። በሁለተኛው አንጓ ደግሞ ተከታታይ ሦስት ስንኞች በአንድ ቃል ጀምረው በአንድ ቤት ያልቃሉ። ሦስቱ የሚናገሩት ስለ ወታደሩ ድርሻ ነው፤ መመለስ ድርሻው አይደለም፣ መመራመርም አይደለም፣ ድርሻው መፈጸምና መሞት ነው። ሦስት ጊዜ የተመታው ቤት በሩን ሦስት ጊዜ እንደ መዝጋት ይሆናል። ይህ ክፍል ከግጥሙ ተለይቶ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር መጠቀሱ አያስገርምም፤ ድግግሞሽ የሚሠራው ይህንን ነው። አንድን አከራካሪ ፍርድ ይወስድና ሁሉም ሁልጊዜ የሚያውቀው ነገር ያስመስለዋል።

በሦስተኛውና በአምስተኛው አንጓ መድፎቹ በየአቅጣጫው ይቈጠራሉ። ሲሄዱ በቀኝ፣ በግራና በፊት ነበሩ፤ ሲመለሱ የፊቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ከአንድ ቃል በቀር ሁሉም ያው ነው፤ የሄደው ጦርና የተመለሰው ጦር ግን ያው አይደለም። ይህን የሚናገረው የየአንጓው መዝጊያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አንጓዎች ስድስት መቶው ይጋልባሉ። በአራተኛው የተመለሱት ስድስት መቶው አይደሉም። በአምስተኛው ከስድስት መቶው የተረፈው ይነገራል። በስድስተኛው ግን ስድስት መቶው ሙሉ ሆነው፣ ክቡራን ተብለው ይመለሳሉ።

ግጥሙ መቀነስን ይጀምራል፣ ውጤቱን ግን አይጽፍም። ስንት እንደሞቱ የሚናገር ስንኝ የለም። ድምሩ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ ወደ ስም ይለወጣል፤ “ስድስት መቶ” ከዚያ በኋላ ብዛት መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ይሆናል። በፎርስተር ደብዳቤ ላይ የነበረው ክርክርም እዚህ ትርጉም ያጣል፤ ማዕረግ አይታረምምና።

መዝገቡ ያልያዘው

በክራይሚያ ጦርነት የሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ 21 ሺህ ይደርሳሉ። ከእነዚህ ወደ 16 ሺህ የሚሆኑት የሞቱት በበሽታ ነው፤ በኮሌራ፣ በተቅማጥ፣ በተስቦ፣ በብርድና በንጽሕና ጕድለት። ኮሌራ አይጋልብም። በጭቃ ላይ ተኝቶ በተቅማጥ የሚሞት ወታደር ለዳክቲል ምጣኔ አይመችም፤ ወደ ፊት የሚሄድበት አቅጣጫ የለውም፣ ነጐድጓድም የለውም። ስለዚህ ግጥሙ ከመቶ አሥር ገደማ ሞት የማይሞት ስም ሲያወጣ፣ አሥራ ስድስት ሺህ ሞት ያለ ዜማ ቀረ። በስታቲስቲክስ የናሙና አድልዎ የሚባለው ይህ ነው፤ መራጩ ምጣኔው ነው።

እነዚያን ሙታን የመዘገበው ሌላ ዓይነት መዝገብ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከጦርነቱ ተመልሳ በ1858 ባሳተመችው ሥራ በየወሩ የሞቱትን ወታደሮች በሞታቸው ምክንያት ከፋፍላ በክብ ሥዕላዊ መግለጫ አቀረበች። ሥዕሉን ያየ ሰው ጠላት ከገደለው ይልቅ መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ የገደለው እንደሚበልጥ በአንድ እይታ ይረዳል። የእርሷ መዝገብ በቃል አይጠናም፤ የወታደር ሆስፒታሎችና ሰፈሮች አያያዝ እንዲሻሻል ግን ረድቷል።

የጦርነት ዋጋ የሚታይበት ሌላም መንገድ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊልያም ግላድስተን በ1854 የገቢ ግብርን ከፓውንዱ 7 ፔንስ ወደ 14 ፔንስ በእጥፍ ሲያሳድግ፣ የጦርነት ወጪ ሕዝብ በየጊዜው የሚሰማው የሞራል ልጓም መሆን አለበት የሚል ክርክር አቀረበ። ጦርነትን የደገፈ ሰው ዋጋውን ከኪሱ ይወቀው ማለቱ ነበር። ግላድስተን በ1855 ሲለቅ ተተኪው ወደ ብድር አዘነበለ፤ ልጓሙም ላላ። የመሥዋዕትነት ግጥምም እንዲሁ በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። እንደ ግብር ሆኖ ዋጋውን ያሳውቃል፤ እንደ ብድር ሆኖም ዛሬ ክብሩን ሰጥቶ ዋጋውን ለኋላ ያስተላልፋል።

የተላለፈው ዋጋ በ1890 ተጠየቀ። ከግስጋሴው የተረፉ በርካታ አረጋውያን በድህነት እንደሚኖሩ በዚያ ዓመት ታወቀ። መንግሥት ልረዳ አልችልም ሲል በፓርላማ አስታወቀ፤ የሕዝብ መዋጮ ተከፈተ። ራድየርድ ኪፕሊንግም በዚሁ ሰሞን ስለ እነዚህ ሰዎች ግጥም ጻፈ፤ በግጥሙ ውስጥ የተራቡት አረጋውያን ወደ ሸመገለው ባለቅኔ ሄደው ያልተጻፈውን ቀሪ ታሪክ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁታል። በዚያው 1890 ቴኒሰን ግጥሙን በራሱ ድምፅ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀዳ። የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ድምፅ ዛሬም ይሰማል፤ ምጣኔውን እንደ ከበሮ እየመታ ያነበዋል።

ከአማርኛው ሚዛን ጋር

የአማርኛ አንባቢ ይህን ግጥም ሲሰማ አንድ ነገር ሊጐድለው ይገባል፤ ስም። በኢትዮጵያ የፉከራ ባህል ጦረኛው “ዘራፍ” ብሎ ሲነሣ የሚናገረው በራሱ አፍ ነው፤ ማንነቱንና የሠራውን ይጠራል፣ የሚሠራውን ይዝታል። ታላላቆቹ በፈረስ ስማቸው ይጠራሉ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በቴኒሰን ግጥም ፈረሱ ምጣኔ ሲሆን ፈረሰኛው ቁጥር ሆኗል። ፉከራ በምስክሮች ፊት የሚገባ ቃል ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው የሚያፍረው ራሱ ነው። ባላክላቫ ላይ ግን ቃል የገባ ወታደር አልነበረም፤ የታዘዘ እንጂ።

ልዩነቱ በዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ይበልጥ ይጐላል። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ጣልያን ወረራ አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን “ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት” በተሰኘው ሥራው ያን ሰዓት ሲጽፍ፣ የሚናገሩት ጳጳሱ ራሳቸው ናቸው፤ የሚናገሩትም ከእመ ብርሃን ጋር ነው። ስንኙ በተለምዶ የጸጋዬ ቤት የሚባለው፣ ስምንትና ስምንት ቀለም ያለው ረጅም ስንኝ ነው። ከወል ቤት በአራት ቀለም ይረዝማል። በዚህ ርዝመት ውስጥ አንድ ሰው መጠየቅ፣ መማጠን፣ ማመንታት፣ ወደ ልጅነት ትዝታው ተመልሶ እንደገና መጽናት ይችላል። የሚደጋገመውም ጥያቄ ነው፤ ሰማይን ራሱን የሚሞግት ጥያቄ። ሟቹ ለምን እንደሚሞት ያውቃል፣ ገዳዩም የታወቀ ነው፤ መዝገቡ የተሟላ ነው።

ይህ ሲባል የአማርኛው ባህል ሁሉን መዝግቧል ማለት አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ዘመቻ እህል እየፈጩ ሠራዊቱን የሚከተሉ ሴቶች፣ ወታደር በቤቱ ተመርቶ ጎተራው የሚራቈትበት ገበሬ፣ በመንገድ በበሽታ የሚወድቀው ስንቅ ተሸካሚ በፉከራ ውስጥ ስፍራ አላገኙም። የፎከረው ይታወሳል፤ ያልፎከረው ከፍሎም አይታወስም። እያንዳንዱ ቅርጽ የሚያሳየውና የሚሸፍነው አለው።

ከሩቅ ለሚያነቡ

የቴኒሰን ሁኔታ በውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ባለቅኔው በግንባር አልነበረም። በሰላማዊ ደሴት፣ በቤቱ ተቀምጦ፣ ሳምንታት የዘገየ ዜና አንብቦ፣ ከልቡ ተነክቶ ጻፈ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ዋጋውን ግን አልከፈለም። ዛሬ ዜናው ሳምንታት አይፈጅበትም፤ የመሥዋዕትነት ግጥምና ዜማ በሰከንድ ውስጥ ከግንባር ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ዱባይ ይደርሳል። የርቀቱ ባሕርይ ግን አልተለወጠም። ከሩቅ ያለ ሰው ምጣኔውን ይሰማል፣ ጭቃውን አይረግጥም፤ ገንዘብ ያዋጣል፣ ድምፁን ያሰማል፣ በሚኖርበት አገር መንግሥት ዘንድ አቤት ይላል። ስሜቱ ወደ ውሳኔ ይለወጣል፤ የውሳኔው ዋጋ ግን የሚወድቀው ሌላ ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ግጥም ሲደርስ ማድነቅም ማልቀስም ተገቢ ሆኖ፣ መዝገቡን መመርመርም ተገቢ ነው። የሚናገረው ከፋዩ ራሱ ነው ወይስ ስለ እርሱ ሌላ ሰው? ስንኙ ለጥያቄ ስፍራ አለው? የሚደጋገመው ቃል ምንድን ነው፤ ምን እንዳይባልስ ይደጋገማል? ቤቱ ስሕተትን ከማን ጋር አጣመረው? ከዜማው ውጭ የቀሩት ሙታን እነማን ናቸው፤ የተረፉትንስ ማን ይጦራቸዋል?

ቴኒሰን ለከተማ አንባቢ ግጥሙን ባስተካከለ ጊዜ ስሕተቱን አወጣ፤ ለወታደሮቹ በላከ ጊዜ ስሕተቱን መለሰ። በክራይሚያ ሰፈር በድንኳን ውስጥ ያቺን ወረቀት የያዙ ሰዎች ስለ ጓዶቻቸው ጀግንነት የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም፤ ዐይተውታል። አንድ ሰው እንደተሳሳተ የሚናገረው ስንኝ ግን በእጃቸው በነበረው ቅጂ ውስጥ ታትሞ ነበር፣ እነርሱም ከነእርሱ አዜሙት።